ከጅማ እስከ ሽልማት መድረክ፦ የኢትዮጵያን ማልያ ለምትለብሱ ወጣት አትሌቶች የአለባበስና የሥነ ምግባር ዝርዝር መመሪያ

የብሔራዊ ቡድን ጥሪ የደረሰው ልጅ ሐሳቡ ሁሉ ልምምድ ላይ ነው። የመጨረሻውን ዙር እንዴት ላክርረው፣ ኬንያዎቹን በየት ላምልጣቸው ይላል። ስለ አለባበስና ስለ ጠባይ ሲነሣ «ንጹሕ ልበስ፣ ሰው አክብር» ከሚል የቤተሰብ ምክር ያለፈ አይመስለውም። በዓለም አቀፍ ውድድር ግን ልብስ፣ ጫማ፣ የደረት ቁጥርና ጠባይ የተጻፈ ሕግ አላቸው። ሕጉን የጣሰ አትሌት አንደኛ ወጥቶም ውጤቱ ተሰርዞበት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ የደረሰባቸውን ከዚህ በታች በስም እጠቅሳለሁ።

የምጽፈው ጅማ ላይ ለሚሮጡ ልጆች፣ ለአሰልጣኞቻቸውና ለወላጆቻቸው ነው። ዓለም እያየው የሚሠራው ሥርዓት ጅማ ላይ በተራ የክለብና የትምህርት ቤት ውድድር የሚለመድ ነገር ነው። ውድድሩ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደንብ ለመማር መነሣት ምንም አይጠቅምም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልጻፍኩ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በብዛት የማወራው ስለ አትሌቲክስ ነው፤ ለእግር ኳስ ተጫዋቾችም ወደ መጨረሻው ጥቂት ነገር አለኝ።

1. ጥሪው እንደደረሰ

መጀመሪያ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ ስማችሁ ለውድድሩ ከተመዘገበው ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ስማችን በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዴ በአንድ «ኤ»፣ አንዴ በሁለት ይሆናል፤ ልዩነት ካለ ዛሬውኑ ለክለባችሁ ንገሩ።

ቀጥሎ ከፌዴሬሽኑ የሚሰጣችሁንና ራሳችሁ የምትይዙትን ለዩ። የመወዳደሪያ ማልያ፣ ቁምጣና ቱታ ከቡድኑ ይሰጣል። የመሮጫ ጫማ፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ አብዛኛውን ጊዜ የራስ ነው። ዝርዝሩን በቃል ከመያዝ ወረቀት ላይ ጻፉት።

ልብሱን ስትረከቡ እዚያው ለኩት። ዝም ብሎ መልበስ ብቻ አይበቃም፤ ጉልበት አንሡ፣ ክንድ አወዛውዙ፣ ጥቂት ሜትር ሩጡበት። ብብት ላይ የሚፈትግ ወይም ከወገብ የሚንሸራተት ከሆነ እዚያው ተናገሩ። የእኛ ልጆች ይሉኝታ እዚህ ላይ በጣም ይጎዳቸዋል። «የተሰጠኝን ልመልስ ብል ምን ይሉኛል» ብሎ በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ቁምጣ ይዞ የሚሄድ ልጅ አለ። ልክ ይቀየርልኝ ማለት መብት ነው፤ የሚቀየረውም ልብሱ ገና መጋዘን ውስጥ ሳለ ነው።

ሻንጣ ስታዘጋጁ የመወዳደሪያ ማልያ፣ ቁምጣ፣ ካልሲና ጫማ ከእጃችሁ በማይለይ ቦርሳ ይግቡ። ትልቁ ሻንጣ መንገድ ላይ ቢቀር ቱታ መበደር ይቻላል፤ እግራችሁ የለመደውን ጫማ የሚያበድራችሁ ግን የለም።

2. ጫማ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ።

በሴፕቴምበር 2021 ቪየና ማራቶን ላይ የኛው ደራራ ሁሪሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አንደኛ ገባ። ብዙም ሳይቆይ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዳለው ታወቀ። ለጎዳና ሩጫ የተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ውጤቱ ተሰረዘ፤ በ3 ሰከንድ ብቻ ተበልጦ የገባው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። በውድድሩ ቅጽ ላይ የሞላው ጫማ የተፈቀደ ዓይነት ነበር፤ የሮጠበት ግን ሌላ ነበር። ከ42 ኪሎ ሜትር ሩጫ በኋላ አንድ ሴንቲ ሜትር ሁሉን ነገር ወሰደችበት።

ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች ያዙ። ከኖቬምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በትራክ ላይ ለሚደረግ ማንኛውም ሩጫ የሶል ውፍረት ከ20 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ለጎዳና ሩጫ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሚወጣው ትልቁ ስሕተት ይኸውላችሁ፦ ጎዳና ላይ የለመዱትን ወፍራም ጫማ ይዞ 5,000 ወይም 10,000 ሜትር ትራክ ላይ መግባት። ጫማው ለጎዳና ሕጋዊ ነው፤ ትራክ ላይ ያሰርዛል።

ስፓይክ፣ ማለትም ሶሉ ላይ ጥርስ ያለው የመሮጫ ጫማ፣ የምታደርጉ ደግሞ በአንድ ጫማ ላይ ከ11 በላይ ጥርስ አይፈቀድም። ሰው ሠራሽ ትራክ ላይ የእያንዳንዱ ጥርስ ርዝመት ከ9 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ለከፍታ ዝላይና ለጦር ውርወራ ብቻ እስከ 12 ይሄዳል። ጭቃ ሜዳ ላይ ስትለማመዱ የገጠማችሁት ረጅም ጥርስ ካለ ከጉዞ በፊት ፍቱትና በአጭሩ ቀይሩት። መፍቻውንም ያዙ።

አሠራሩ ይህ ነው፦ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር የተፈቀዱ ጫማዎችን ዝርዝር በድረ ገጹ ያወጣል። በጫማችሁ ምላስ ውስጥ ያለውን ምልክትና የሞዴሉን ሙሉ ስም በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ከአሰልጣኛችሁ ጋር ሆናችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉት። የአንድ ሞዴል ታናሽና ታላቅ ወንድም ስማቸው በአንድ ቃል ብቻ ሊለያይ ይችላል፤ አንዱ የተፈቀደ፣ ሌላው የተከለከለ ይሆናል። ከሜርካቶ የተገዛ ወይም ከውጭ በሰው እጅ የመጣ ጫማ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ስምና ጫማው የማይገናኙበት ጊዜ አለ። ሶሉን ማስቆረጥ፣ ማስለጠፍ፣ ውስጡ ሌላ ንጣፍ መጨመር አይሞከርም። ሐኪም ያዘዘላችሁ የእግር ንጣፍ ካለ ቡድን መሪው አስቀድሞ ይወቀው።

አዲስ ጫማ ለውድድር ቀን አይጠበቅም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የተገኘው ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው ነው፤ በባዶ እግሩ መሮጥ ደግሞ የለመደው ነበር። የሚያውቀውን መረጠና አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ በጫማ ሮጦ ደገመው። በባዶ እግር መወዳደር ዛሬም በሕጉ ተፈቅዷል፤ እኔ ግን ጫማችሁን ቢያንስ በጥቂት ጠንካራ ልምምዶች አለስልሱት ነው የምለው።

3. ማልያ፣ ቱታና ራስ መሸፈኛ

ሕጉ ልብስ ንጹሕ እንዲሆን፣ ረጥቦም እንኳ ሰውነት የማያሳይ እንዲሆን፣ ነውር እንዳይኖርበት ይጠይቃል። ሀገር ወክሎ የሚሮጥ ደግሞ ፌዴሬሽኑ ያጸደቀውን ልብስ ብቻ ይለብሳል። የሽልማት ሥነ ሥርዓቱና ከድል በኋላ የሚዞረው የክብር ዙርም እንደ ውድድሩ አካል ይቆጠራሉ። ካሸነፉ በኋላ የግል ስፖንሰር ቲሸርት ደርቦ መዞር የማይቻለው ለዚህ ነው።

ማልያውን አትቁረጡ፣ እጅጌውን አታሳጥሩ፣ ስም ወይም ጥቅስ አታስጽፉበት። ቦርሳ፣ ኮፍያና ፎጣ ላይ ያለ የድርጅት ምልክትም ልክ አለው፤ ያለፈውን ዳኞች በፕላስተር ይሸፍኑታል ወይም ያስቀሩታል። ምንም ጽሑፍ የሌለበት ፎጣ ይዞ መሄድ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

አጠባውን ለጅማ አየር ንብረት ላስተካክለው። ክረምት ላይ እዚህ ልብስ በሁለት ቀን አይደርቅም። ልጆቹ ሲቸኩሉ ከምድጃው አጠገብ ይሰቅሉታል፤ ልብሱ ጭስ ጭስ ይላል፣ ጠርዙም በሙቀት ይጨማደዳል። እንዲህ አድርጉ፦ ማልያውን ገልብጡት፤ በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ኦሞ በእጅ እጠቡት። በረኪና አይነካውም፤ አረንጓዴውንና ቢጫውን ይበላዋል። ሳትጠመዝዙ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት፤ ውኃውን ፎጣው ይጠጣዋል። ከዚያ ቤት ውስጥ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ በመስቀያ ስቀሉት። ፊደልና ዓርማ የታተመበት ላይ ካውያ አታሳርፉ። ጫማውን ደግሞ ቀይ አፈሩ ከደረቀ በኋላ በብሩሽ አራግፉ፤ ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት።

ጅማ ላይ ሙስሊም ሴት ልጆች ይሮጣሉ፤ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝም ስለ ሒጃብና ስለ አጭር ቁምጣ ነው። በአትሌቲክስ ዓለም አቀፍ ደንብ ሒጃብ አልተከለከለም። አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የማራቶን ወርቋን በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ስትቀበል ሒጃብ ለብሳ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ ፈረንሳይ የራሷን አትሌቶች ከልክላ ነበር፤ ክልከላው ግን የአንድ ሀገር ውሳኔ እንጂ የውድድሩ ሕግ አልነበረም። በእግር ኳስም ከ2014፣ በቅርጫት ኳስም ከ2017 ጀምሮ ራስ መሸፈን ተፈቅዷል። ቁምጣን በተመለከተም ሕጉ ሴት ልጅ በጣም አጭር ልበሺ አይልም፤ ከጉልበት በታች የሚደርስ ታይት መጠየቅ ይቻላል። በ2021 የኖርዌይ ሴቶች የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ቡድን በቢኪኒ ፈንታ ቁምጣ ለበሳችሁ ተብሎ 1,500 ዩሮ ተቀጥቶ ነበር፤ ጩኸቱ ትልቅ ስለነበር በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የእጅ ኳስ ፌዴሬሽን ደንቡን ቀየረው።

ሒጃብ የምትለብስ ልጅ ይህን ታድርግ፦ የስፖርት ጨርቅ የሆነ፣ ከመርፌ ይልቅ በላስቲክ የሚያዝ ትምረጥ። ቀለሙ ከቡድኑ ልብስ ጋር እንዲሄድ ለፌዴሬሽኑ ቀድማ ታሳውቅ። የደረት ቁጥሯን እንዳይሸፍን ጫፉን ወደ ውስጥ ታስገባው። ቢያንስ አንድ ሙሉ የውድድር ርቀት ሮጣ ትሞክረው።

4. የደረት ቁጥር አሰካክ

ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን የደረት ቁጥሩ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ በቴሌቪዥን የሚታየው የኛ ልጅ ነው፤ አንጀቴን ይበላኛል።

ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል፤ አንዱ ለደረት፣ አንዱ ለጀርባ። ዘላዮች አንዱን ብቻ ማድረግ ይችላሉ። ማጠፍ፣ መቁረጥ፣ መሸፈን ክልክል ነው። በ10,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ብቻ ነፋስ እንዲያስገባ መበሳት ይፈቀዳል፤ ፊደሉንና ቁጥሩን ግን ቀዳዳ አይንካው።

ማልያውን አልጋ ላይ ዘርጉት፤ ለብሳችሁ አትስኩ፣ ይጣመማል። ቁጥሩን ከአንገት አንድ መዳፍ ዝቅ አድርጋችሁ መሐል ለመሐል አስቀምጡ። የኢትዮጵያ ስም የተጻፈበትን እንዳይሸፍን እዩ። መርፌ ቁልፉን በማዕዘኑ ቀዳዳ አስገቡ፣ ጨርቁን ወጋ አድርጋችሁ በሌላ ቦታ መልሳችሁ አውጡና ቁጥሩን ዳግም ወግታችሁ ዝጉት። እንዲህ ሲሆን መርፌው ሁለቴ ስለሚይዝ አይነቀልም። አራቱንም ማዕዘን እንዲሁ። ከዚያ ልበሱት፤ ክንዳችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ጨርቁ የሚሳብ ከሆነ የታችኞቹን ሁለቱን ፈታ አድርጉ። ትራክ ላይ ለፎቶ ፊኒሽ፣ ማለትም መስመሩን ማን ቀድሞ እንዳለፈ ለሚለየው ካሜራ፣ ቁምጣ ጎን የሚለጠፍ ትንሽ ቁጥርም ይኖራል፤ የሚለጠፈው በላብ ባልረጠበ ጨርቅ ላይ ነው። ስድስት መለዋወጫ መርፌ ቁልፍ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

5. ልምምዱን እንደ ውድድር ማድረግ

ይህ ለአሰልጣኞች ነው። ከጉዞው በፊት ባለ አንድ ቅዳሜ ጅማ ስታዲየም ላይ ሙሉ ልምምድ አዘጋጁ። ልጁ የውድድሩን ልብስ ለብሶ፣ ቁጥር ሰክቶ፣ ቦርሳውን ይዞ በተባለው ደቂቃ ይድረስ። አትሌቶች ከሩጫው በፊት ተሰብስበው በሚፈተሹበት የጥሪ ክፍል እንደሚሆነው፣ አንድ ሰው እንደ ዳኛ ሆኖ ጫማውን፣ ጥርሱን፣ ቦርሳውን ይፈትሽ፤ ስልኩን ይቀበል። ከዚያ ወንበር ላይ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ትልቁ ፈተና ይህች ሃያ ደቂቃ ናት። አሟሙቆ የጨረሰ ሰውነት እየበረደ፣ አጠገቡ በስም ብቻ የሚያውቀው ታዋቂ ሯጭ ተቀምጦ፣ አሰልጣኙ የለ፣ ስልክ የለ። ይህን ቀድሞ ያልቀመሰ ልጅ ሩጫውን እዚያ ወንበር ላይ ሊሸነፍ ይችላል።

6. ጫት፣ ቡና፣ መድኃኒት

ጅማ ላይ ሆነን ይህን ሳናነሣ ማለፍ አይቻልም። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲንና ካቲኖን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ዝርዝር ላይ በውድድር ወቅት ከተከለከሉ አነቃቂዎች መካከል ናቸው። «የውድድር ወቅት» የሚባለው ከውድድሩ ዋዜማ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5፡59 ጀምሮ ነው። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ከሁለት ቀን በፊት ብቅምስ ምን አለበት» የሚል አይጠፋም። ዛሬ የገባ ነገር በማግሥቱ ሽንት ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ዋጋውም የዓመታት እገዳ ነው። አትሌት ከሆናችሁ ከነጭራሹ አትንኩት። እንግዳ ተቀባይ ዘመድ ቢያቀርብላችሁ ቀጥ ብላችሁ «ምርመራ አለብኝ» በሉ።

ቡናችን ግን አልተከለከለም። ካፌይን ክትትል ይደረግበታል እንጂ ከክልክሎቹ አይደለም፤ እናታችሁ ያፈላችውን በሰላም ጠጡ።

ማንኛውንም የጉንፋን ሽሮፕ፣ መርፌ፣ የጉልበት ዱቄት ወይም የባህል መድኃኒት ከመውሰዳችሁ በፊት የቡድኑን ሐኪም ጠይቁ። ሐኪሙን ስትጠይቁ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ታማችሁ የተከለከለ መድኃኒት የግድ ካስፈለጋችሁ በሕክምና ማስረጃ አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ።

7. ጉዞ፣ ሆቴልና ሰዓት

በጉዞ ላይ የቡድኑ ቱታ ይለበሳል፤ ዚፑ የተዘጋ፣ ሱሪውና ጃኬቱ የአንድ ስብስብ። ምግብ አዳራሽ በነጠላ ጫማና በውስጥ ካኔቴራ አይገባም። አስተናጋጅን ማመስገን፣ አሰልጣኝን ሳያሳውቁ ከሆቴል አለመውጣት፣ ለቡድን ጓደኛ እንቅልፍ ሲባል ስልክ በጆሮ ማዳመጫ መስማት፤ እነዚህን ቤታችሁ ታውቋቸዋላችሁ።

ሰዓት ግን ለኛ ልዩ አደጋ አለው። የውድድሩ መርሐ ግብር የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 19፡40 ማለት በኛ ከምሽቱ 1፡40 ነው። አንዱ በኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ሲያወራ ስንት ነገር ይደበላለቃል! ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ነሐስ አግኝቶ 5,000 ሜትሩን ግን በሰዓቱ መነሻው ላይ ባለመገኘቱ ሳይሮጥ ቀረ። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ወርቅ እስኪወስድ ስምንት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ሀገሩ ስትደርሱ የስልካችሁን ሰዓት በዚያው ቦታ አስተካክሉ፤ የውድድሩን ሳይሆን የጥሪ ክፍሉን ሰዓት ወረቀት ላይ በ24 አቆጣጠር ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ። ከቡድን መሪው ጋር ስትነጋገሩ «በፈረንጅ» ወይም «በኛ» የሚለውን ሳትጨምሩ ሰዓት አትጥሩ።

8. የጥሪ ክፍል

አትሌቱ ሁሉ ኮል ሩም የሚለው ቦታ ነው። እዚያ መለያችሁ፣ ጫማችሁ፣ የደረት ቁጥራችሁና ቦርሳችሁ ይፈተሻል። ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ ወደ ውድድር ቦታ አይገባም፤ ለአሰልጣኝ አስረክባችሁ ግቡ። ዳኛው ጫማ አሳዩኝ ሲል ሶሉን አዙራችሁ አሳዩ። ቋንቋ ካልገባችሁ አንገት ከመነቅነቅ «አልገባኝም» ማለት ይሻላል፤ ያልገባን ነገር እሺ ብሎ ማለፍ ብዙ ሰው አስከፍሏል። የገባ አይወጣም፤ ሽንት ቤት ቀድማችሁ ሂዱ።

9. ሩጫው ላይ

መግፋት፣ መንገድ መዝጋት፣ ክንድ መዘርጋት ዳኛ ያያቸዋል፤ ካሜራም ይደግማቸዋል። ያልተገባ ጠባይ ቢጫ ካርድ ያሰጣል፤ ሁለተኛ ቢጫ ቀይ ሆኖ ከቀሪው ውድድር ሁሉ ያስወጣል። በ2014 ዙሪክ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ፈረንሳዊው መሂዲን መኪሲ የ3,000 ሜትር መሰናክልን እየመራ ሲጨርስ ገና መስመሩ ሳይደርስ ማልያውን አውልቆ በአፉ ነከሰው። መጀመሪያ ቢጫ ካርድ ታየበት፤ በኋላ የስፔን ቡድን ሲያመለክት ከነጭራሹ ተሰረዘ። ወርቁ ለሌላ ሰው ሆነ። ማልያ ከመስመሩ በፊትም በኋላም አይወለቅም።

ከሀገራችን ልጆች ጋር በቡድን ስትሮጡ መነጋገር፣ ተራ እየተቀያየሩ መምራት የቆየ ባህላችን ነው፤ ያምርብናል። የሌላ ሀገር ሯጭን አጥሮ መያዝ ግን የቡድን ሥራ ተብሎ አይታለፍም።

10. መስመሩን ካለፋችሁ በኋላ

ተንበርክኮ ማመስገን፣ ማማተብ፣ ሱጁድ መውረድ የተለመደ ነው። ግን መስመሩ ላይ አትደፉ፤ ከኋላ የሚመጣ አለ። ጥቂት ሜትር ራመድ ብላችሁ ወደ ጎን ውጡ። ከዚያ ተፎካካሪዎቻችሁን ጨብጡ፤ መጨረሻ የገባውንም ጭምር። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ የ10,000 ሜትር ወርቁን ስትወስድ መስመሩ ላይ ቆማ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጠበቀቻት፤ ተያይዘውም ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ ዘመን ማዕቀብ ገና መመለሷ ነበር። ጥቁርና ነጭ አፍሪካዊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲዞሩ ያየ ዓለም እስከ ዛሬ ያነሣዋል። ደራርቱን ይህን አድርጊ ያላት አልነበረም፤ ያደገችበት ጠባይ ነው።

ሰንደቅ ዓላማውን ከቡድኑ ሰው ተቀበሉ። ከተመልካች የተወረወረውን ከመያዛችሁ በፊት ዘርግታችሁ እዩ፤ ሀገር ወክሎ የሚያዘው ሕጋዊው፣ መሐሉ ላይ ዓርማ ያለው ነው። አረንጓዴው ከላይ፣ ጨርቁ መሬት ሳይነካ፣ ከትከሻ ጀርባ በሁለት እጅ ተወጥሮ። ፊርማም ጽሑፍም አታሳርፉበት።

ወዲያው አንድ ሰው መጥቶ ለምርመራ መመረጣችሁን ሊነግራችሁ ይችላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከዓይኑ አትሰወሩ። ሽልማት መቀበል፣ ቃለ መጠይቅ መስጠት ይፈቀድላችኋል፤ እሱ ግን አብሯችሁ ይሆናል። መታወቂያ ያዙ፣ የቡድኑን ሐኪም ወይም ሌላ ተወካይ ጥሩ። የታሸገ ውኃ ብቻ ጠጡ፤ ራሳችሁ ክፈቱት። ቢያንስ 90 ሚሊ ሊትር ሽንት ያስፈልጋል። ናሙናው ሲሰጥ በአካል የሚያይ ሰው ይኖራል፤ ያሳፍራል፣ ግን ለሁሉም አንድ ነው። ዕቃውን ራሳችሁ ምረጡ፣ ቁጥሩ ከቅጹ ጋር መመሳሰሉን አይታችሁ ፈርሙ። ናሙና አለመስጠት ራሱ ከባድ ጥፋት ነው፤ የተከለከለ ነገር እንደተገኘበት ሰው ለዓመታት ያሳግዳል።

ጋዜጠኞች በሚጠብቁበት መተላለፊያ ማለፍ ግድ ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም መናገር ትችላላችሁ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከተሸነፋችሁ አሰልጣኝን፣ ፌዴሬሽንን ወይም ጓደኛን እዚያ ላይ አትውቀሱ። ቅሬታ ካለ ቤት ውስጥ የሚነገርበት ቦታ አለው።

11. መድረክ

የቡድኑ ቱታ፣ ዚፑ እስከ ደረት የተዘጋ። ኮፍያ ይወልቃል፤ ሒጃብ ባለበት ይቆያል። ስልክ፣ ቦርሳ፣ በእጅ የያዛችሁት ጫማ አብሯችሁ አይወጣም። መዝሙሩን ቃል በቃል እወቁት፤ ካሜራው ከንፈራችሁን ያያል። የሌላ ሀገር መዝሙር ሲዘመርም ልክ እንደራሳችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ።

በኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 መሠረት መድረክ ላይ፣ ሜዳ ውስጥና በአትሌቶች መንደር የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የዘር ቅስቀሳ አይፈቀድም። በ1968 ሜክሲኮ ላይ አሜሪካውያኑ ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ መድረክ ላይ ጡጫቸውን ከፍ አድርገው ከጨዋታው ተባረዋል። ሐሳብን በቃለ መጠይቅ መግለጽ ግን አልተከለከለም። ይህን መስመር ቀድሞ አውቆ መወሰን የእያንዳንዱ አትሌት ፋንታ ነው።

12. በደል ደርሶብናል ካላችሁ

ዳኛ ላይ አትጩኹ። ውጤቱ በይፋ ከተነገረ በኋላ 30 ደቂቃ አላችሁ። መጀመሪያ እናንተ ራሳችሁ ወይም ቡድን መሪው ለውድድሩ ዋና ዳኛ በቃል ያመለክታል። መልሱ ካላረካ በጽሑፍ ከ100 ዶላር ማስያዣ ጋር ለይግባኝ ሰሚው ይቀርባል፤ ይግባኙ ውድቅ ከሆነ ገንዘቡ ይቀራል። ስለዚህ ስታለቅሱ ደቂቃው እንዳያልፍ ቡድን መሪው ወዳለበት ሩጡ።

13. ለእግር ኳስ ተጫዋቾች

ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንሥቶ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ስለተሳተፈ ይህ ለከተማችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጎል አግብቶ ማልያ ማውለቅ ቢጫ ነው፤ ጎሉ ቢሻርም ካርዱ አይነሣም። ከማልያ በታች ባለ ካናቴራ ላይ መፈክር ማሳየት ክልክል ነው። የውስጥ እጅጌ ቀለሙ ከማልያው እጅጌ ጋር፣ የውስጥ ቁምጣም ከላይኛው ጋር ይመሳሰል። ስለ ጌጣጌጥ እግር ኳስ ከአትሌቲክስ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ የአንገት ሐብልና ቀለበት መልበሻ ክፍል ይቅር።

14. ስትመለሱ

አቀባበል ካለ ቱታው ታጥቦ ይለበስ፤ ሜዳልያው ወደ ላይ አይወርወር፣ ለሕፃናት ግን አስነኩ። ለአሰልጣኛችሁ በሁለት ቀን ውስጥ የሆነውን ሁሉ ንገሩት፦ ጫማው እንዴት ተፈተሸ፣ ጥሪ ክፍሉ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ምን ጎደለ። እሱ ይጻፈው፤ ለቀጣዩ ተጓዥ ይጠቅማል። በሚቀጥለው የክለብ ውድድር የክለባችሁን ማልያ ልበሱ፤ የብሔራዊ ቡድኑ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጥ።